የመኩሪያ ዋስ

ባለፈው ሳምንት የወጥ ቤቴ ቧንቧ ፈንድቶ ወለሉ ኩሬ ሆነ። የምኖረው አያት፣ ልጄና ባሏ በገዙት አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ ሥራ ቦታ ስለነበረች ለግቢው ጽሕፈት ቤት ደውላ ነገረችልኝ። እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ውኃውን በጨርቅ እየጨመቅሁ ሳለሁ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ፣ የመፍቻ ቦርሳ በትከሻው ያንጠለጠለ ሰው ቆሟል። ዓይኔ አወቀው፤ አፌ ግን ስሙን አጣ። እሱ ቀደመኝ።

«እትዬ ተዋበች! እርስዎ ነዎት እንዴ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት?»

«መኩሪያ?»

«አዎ፣ መኩሪያ ነኝ። መጀመሪያ ውኃውን ልዝጋው፣ ከዚያ እንሳሳማለን።»

ውኃውን ዘግቶ መጣና ተሳሳምን። ከዚያ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ገብቶ ተንጋለለ፤ እግሮቹ ብቻ ቀሩ። እኔም እንዳልረጥብ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ ተቀመጥኩ። የቧንቧ ሙጫ ሽታው ቤቱን ሞላው። ደስ የሚል ሽታ አይደለም፤ ራስ ያዞራል። እኔን ግን ድሮ ወደ ሠራሁበት ወደ ገርጂ መለሰኝ።

ጊዜው ለሚ ኩራ የሚባል ክፍለ ከተማ ገና ያልተፈጠረበት፣ አያት ገሚሱ የካ ገሚሱ ቦሌ የሚባልበት ነው። ማኪያቶ በአሥር ብር ጠጥተን «ኧረ ተወደደ!» ብለን እናማርር ነበር። ዛሬ ያን የሰማ ይስቅብናል። ከኢምፔሪያል ገርጂ በታክሲ ጥቂት ብር ነበር፤ ረዳቶቹ በመስኮት ወጥተው ሲጮሁ ግማሹን ዜማ ያደርጉታል። ማዞሪያው ጥግ ላይ ሙዚቃ የሚሸጥ ሱቅ ነበረ፤ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ከጠዋት ጀምሮ የድሮ ትዝታ ይለቃል። እኔ በወረዳው ጽሕፈት ቤት የሴፍቲኔት ባለሙያ ነበርኩ። ከዚያ በፊት በቀበሌ ብዙ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ሴፍቲኔት ሲመጣ ግን ከወረቀት ወጥቼ ከሰው ጋር ገጠምኩ። የድሃ ድሃ ተብለው በሰፈር ኮሚቴ የተለዩ ሰዎች ጠዋት ጠዋት መንገድ ይጠርጋሉ፣ ቦይ ይከፍታሉ፣ ችግኝ ያጠጣሉ፤ በዚያ ነው ድጎማው የሚሰጣቸው። ቢጫ ሰደርያ ይሰጣቸዋል፤ ሴቶቹ ከላዩ ነጠላ ያደርጉና ሰደርያው ጭራሽ አይታይም። መኪና እንዳይገጫችሁ ሰደርያውን ከላይ ልበሱት ብል ማን ሰምቶኝ! «ነጠላዬ አቧራ ከሚጠጣ ሰደርያው ይጠጣ» ማለት ሲገባቸው፣ ለሰደርያው ነበር የሚሳሱት፤ አዲስ ስለነበረ።

መኩሪያ ከነዚህ አንዱ ነበር። በመዝገቡ የተጻፈችው አሮጊት እናቱ ናት፤ መሥራት ስለማትችል የቤተሰቡን የጠረጋ ድርሻ የሚሠራው እሱ ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ደህና ደህና ሕንፃ ላይ የሠራ። አረቄ ጣለው። መጀመሪያ ከሥራ በኋላ፣ ቀጥሎ ከሥራ በፊት፣ በመጨረሻም በሥራው ፋንታ ሆነ። ሚስቱ ሴት ልጃቸውን ይዛ ቡታጅራ ወላጆቿ ጋ ገባች። የሄደች ዕለት የተናገረችውን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል፦ «ሥራ ይዘህ፣ ሳትጠጣ ስድስት ወር ከቆየህ እመለሳለሁ። አለበለዚያ ልጅህ አባት የላትም።» መኩሪያ በሰከረ ቁጥር ይህንኑ ነበር እያለቀሰ የሚደግመው። ስድስቱን ወር ግን ሊጀምራቸው አልቻለም።

የሚጠጣው ከማዞሪያው ጀርባ ወይዘሮ ፀዳለ ቤት ነው። ወይዘሮ ፀዳለ የንግድ ፈቃድ ያላት ግሮሰሪ ነበረቻት፤ ፊት ለፊት ቢራ፣ ከጓዳ አረቄ። በአረንጓዴ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ በር፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት የተደረደረ መለኪያ። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር። ሴትየዋን እንደ ጠላት ነው የማያት፤ እኔ ለማንሳት የምለፋውን እሷ የምትጥል ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋታችን ልምጣ። የመንገድ ጠራጊዎቹ ቡድን መሪ ከድጃ ትባላለች፤ የስልጤ ሴት፣ አምስት ልጅ ብቻዋን ያሳደገች፣ ምላሷ ከመጥረጊያዋ የፈጠነ። መኩሪያ አንድ ቀን ሲቀር ከድጃ የሱን ድርሻ ጠረገች። አቴንዳንሱ ላይም ምልክት አደረገችለት። ደንቡ ግልጽ ነው፦ የቀረበት ቀን ይቆረጣል፤ ከደጋገመ ቤተሰቡ ከዝርዝር ይወጣል። «አሮጊቷ ምን ትብላ?» አለችኝ። እኔም እውነቷን ነው ብዬ ሥሩ ላይ ፈረምኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ቀን ቀረ፤ ሴቶቹ ድርሻውን ተካፍለው ጠረጉለት፤ ፈረምኩ። ከዚያ በኋላ ጭራሽ መምጣቱን ተወው። ወር ሙሉ ፈረምኩ፣ ሁለት ወር ፈረምኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ጽድቅ የሠራሁ ነበር የመሰለኝ። እንዲያውም ከሌላው የበለጠ የሱ ስም ንጹሕ ሆነ። ሌላው ለቅሶ ሄዶ ይቀራል፣ ልጁ ታማ ይቀራል፤ መኩሪያ አንድም ቀን አልቀረም!

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። በዓመቱ መጨረሻ ከክፍለ ከተማው ትእዛዝ መጣ፤ በእያንዳንዱ ወረዳ አንድ ታታሪ ሠራተኛ ተመርጦ በስብሰባ ፊት ይሸለም ተባለ። መስፈርቱ አቴንዳንስ ነው። አለቃዬ ወረቀቶቹን ገልብጦ «ይኼ መኩሪያ የሚባለው ጉድ ነው! እንዲህ ያለ ሰው አለን እንዴ?» አለኝ። ምን ልበለው? እሱ አይሁን ብል ለምን ሊለኝ ነው። የሱ ስም አለፈ። ከድጃ ዜናውን ስትሰማ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። «እኔ ስጠርግ እሱ ይሸለም? ኧረ እንኳን እኔ መጥረጊያዬ ይከፋዋል!» አለችና ሳቀች፤ ከሳቋ በኋላ ግን ፈራን። ዕለቱን እንዳይመጣ ልናደርገው ሞከርን። እናቱ ግን ልጄ ሊሸለም ነው ብላ በደስታ ነጭ ሸሚዝ ከጎረቤት ተውሳ፣ ፊቱን አጥባ፣ እጁን ይዛ አመጣችው።

አዳራሹ ሞልቷል። ስሙ ሲጠራ ጭብጨባው ቀለጠ። መኩሪያ እየተወዛወዘ ወጣ። ሰርተፊኬቱ በመስታወት ፍሬም ነው፤ ተቀብሎ አየው፣ ሕዝቡን አየ፣ ከዚያ መልሶ ለባለሥልጣኑ ሰጠው። ድምፅ ማጉያው ክፍት ነበር።

«ይኼ የእኔ አይደለም። እኔ መንገዱን ከጠረግሁ ሦስት ወር ሆኖኛል። የሠሩት እነዚያ ናቸው» አለና በጣቱ ከድጃንና ሴቶቹን አሳየ። «ለምን እንደሚሠሩልኝ እኔም አልገባኝም።»

ከዚያ እዚያው መድረክ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ከሰዎቹ ግማሹ ሳቀ። እናቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔ የት ልግባ? መሬት አልከፈት አለኝ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ፤ የአንድ ወር ደሞዜም ተቀጣ፤ ይገባኝ ነበር። ቡድኑን እንዳይበትኑት ግን ለምኜ ለምኜ ተረፈ።

በማግስቱ ከድጃ መኩሪያ ቤት ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ቁጭ አላለችም። «ስማ መኩሪያ፣ እስከ ዛሬ ለእናትህ ብዬ ጠረግሁልህ። ለካ አረቄህን ነው የጠረግሁልህ። ከነገ ጀምሮ ድርሻህን አልነካም። ወይ ትታከማለህ ወይ ይቆረጥብሃል። ወላሂ ስልህ!» አለችው። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከራከረም። ጠበል ሁለት ጊዜ ሄዶ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ተሽሎት ተመልሶ፣ ያው ሥራ የለም፣ ያው ማዞሪያ፣ ያው አረንጓዴ በር፤ ሳምንትም አልቆየ። በዚህኛው ጊዜ ሆስፒታል ወሰድነው፤ የሱስ ማገገሚያ ክፍል ያለው የመንግሥት ሆስፒታል። ተራ ጠብቆ ገባ። የመጀመሪያውን ሳምንት ስጠይቀው ሻይ በሁለት እጁ ይዞ እንኳ ይደፋበት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ምግብ መውደድ ጀመረ። በአምስተኛው «እትዬ፣ የክፍላችንን ቧንቧ እኔ ሠራሁት» አለኝ፤ ሲናገር ፊቱ ላይ ያየሁት ኩራት በሰርተፊኬቱ ቀን ያልነበረ ነው። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ወደ ውጭ ጠርታኝ «እዚህ ማዳኑ አይከብደንም። ሥራ ፈቶ ሰፈሩ ሲመለስ ነው የምናጣው። ሥራ ፈልጉለት» አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

ሥራው ተገኘ። ይኸው አሁን እኔ የምኖርበት ግቢ ያኔ ገና መጨረሻው እየተሠራ ነበር፤ ቧንቧ የሚያውቅ ቋሚ የጥገና ሠራተኛ ይፈልጋሉ። በእጁ ፈትነውት አለፈ። የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ዋስ። የሰው ቤት የሚገባ፣ ቁልፍ የሚይዝ ሠራተኛ ነው፤ ዕቃ ቢጠፋ የሚጠየቅ፣ ቋሚ ደሞዝ ያለው ወይም የንግድ ፈቃድ ያለው ሰው ይፈርም አሉ። አምስት ቀን ሰጡት። ማክሰኞ ጠዋት ቢሮዬ መጣ። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጥፍሩ ተቆርጧል። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አድርጎ ቆመ፤ ተቀመጥ ብለውም አልተቀመጠ።

«እትዬ፣ ሌላ የማውቀው ደሞዝተኛ የለኝም።»

ወረቀቱን አነበብኩት። ደጋግሜ አነበብኩት። ልቤ ምን እንዳለኝ ዛሬ አልደብቅም፦ አንድ የወርቅ ሐብል ቢጠፋስ? ቢጠጣና የሰው ቤት በውኃ ቢያጥለቀልቅስ? አንዴ ተቀጥቻለሁ፤ ጡረታዬ ሦስት ዓመት ቀርቶታል፤ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲሰክር፣ ሳይሠራ ሠርቷል ብሎ የፈረመ እጄ፣ ሲድን ታስሮ ቀረ።

«ውይ መኩሪያ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ለግል ድርጅት ዋስ እንዳይሆን ደብዳቤ ወጥቷል እኮ» አልኩት። እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልወጣም።

«እንዲህ ነው? አላወቅሁም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለና ወረቀቱን አጣጥፎ ወጣ። በመስኮት ሳየው በየትኛው በኩል እንደሚሄድ የጠፋበት ሰው ይመስል ነበር። ወደ ማዞሪያው አቀና። አረቄ ቤት ሊገባ ነው ብዬ ደነገጥሁ። ተነስቼ ልከተለው አስቤ ነበር፤ አልተከተልኩትም።

በአራተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ወረዳው ግቢ ውስጥ ወይዘሮ ፀዳለን አየኋት። እዚያ አይቻት አላውቅም ነበር። ፀጉሯን ተሠርታ፣ ለበዓል የምትለብሰውን ሐምራዊ ሹራብ ለብሳ፣ ንግድ ክፍሉ በር ላይ ተሰልፋለች። በእጇ ያ ወረቀት አለ፤ ከሩቅ አወቅሁት። ቀረብ ብዬ ምን እንደምትፈልግ ጠየቅኋት።

«ፈቃዴ የታደሰ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ነው የምፈልገው። ለመኩሪያ ዋስ ልሆን ነው» አለች።

ደሜ ፈላ። «እርስዎ? ያጠጡት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየን። እሷ አልተቆጣችም።

«አጠጥቼዋለሁ፤ ሥራዬ ነው። እርስዎ ደግሞ ሳይሠራ ሠርቷል ብለው ጽፈውለታል። ሁለታችንም እኩል አጠጥተነዋል እኮ እመቤቴ። ግን እኔ አውቀዋለሁ። አራት ዓመት ቤቴ ሲጠጣ አንድ መለኪያ ሳይነግረኝ አላነሳም። ሰክሮ ጓዳዬ ሲተኛ ሳጥኔ ክፍት ነበር። የሰው ዕቃ አይነካም። እርስዎ ያዩት አቴንዳንሱን ነው።»

እሷ ቀጠለች፦ «ማክሰኞ ዕለት መጥቶ በሬ ላይ ቆመ። ቅዳልኝ የሚለኝ መስሎኝ አልቀዳም ልለው ነበር። ወረቀቱን አወጣ። እሺ አልኩት። አንድ ነገር ብቻ አስምዬዋለሁ፤ ከእንግዲህ ደጄን እንዳይረግጥ። አንድ ደንበኛ አጣሁ» ብላ ሳቀች። ተራዋ ደረሰና ገባች።

ያን ዕለት ከሰዓት ሥራ አልሠራሁም። ወረቀት ከዚህ ወደዚያ አደረግሁ። በኋላ ሰማሁ፤ መኩሪያ ተቀጠረ። በስድስተኛው ወር ሚስቱ መጣች፣ ልጁንም አመጣች። ከድጃ የሴፍቲኔት ጊዜዋን ጨርሳ ስትመረቅ በተቆጠበላት ገንዘብ ችግኝ መሸጥ ጀመረች። እኔ ጡረታዬን ወጣሁ። ገርጂ ማዞሪያው ተለወጠ፤ ሙዚቃ ቤቱ የስልክ መሸጫ ሆነ፣ አረንጓዴው በር መንገድ ሲሰፋ ፈረሰ። ከመኩሪያ ጋር እስካለፈው ሳምንት አልተያየንም፤ እውነቱን ለመናገር እንዳንገናኝ እኔም ተጠንቅቄአለሁ።

ቧንቧውን ጨርሶ ተነሳ። እጁን ታጠበና ሻይ አቀረብኩለት። አንድ እጁን ብቻ ዘርግቶ ብርጭቆውን ተቀበለ፤ ጠብ አላለም። ሁለተኛው ዓመት ላይ አንድ ጊዜ ተመልሶ አረቄ ላይ እንደወደቀ ነገረኝ፤ የእናቱ ተስካር ላይ ነው። በማግስቱ ራሱ ሆስፒታሉ ሄደ። ወይዘሮ ፀዳለ እዚህ ግቢ ድረስ መጥታ ለሥራ አስኪያጁ «ታሟል፤ ሲሻለው ይመጣል፤ ዋሱ እኔ ነኝ» ብላ ሄደች። ልጁ አሁን አሥረኛ ክፍል ናት። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ እኔም የደበቅሁትን አወጣሁ።

«መኩሪያ፣ ያን ጊዜ ደብዳቤ ወጥቷል ያልኩህ ውሸቴን ነበር። ፈርቼ ነው።»

ሻይውን አስቀመጠ። «አውቃለሁ እትዬ። በዚያው ቀን ሌላ ቢሮ ጠይቄ ነበር። የለም አሉኝ።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልክ?»

«ብነግርዎ ያፍሩ ነበራ። ደግሞ እኔ ብሆንም ለእኔ አልፈርምም ነበር።»

ከእግዚአብሔር ይልቅ ከሰው ይቅርታ መቀበል ይከብዳል። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ወጥ ቤቱን የምጠርግ መስዬ ዞርኩ። እሱም ነገሩን ሊያስቀይስልኝ ይመስለኛል፣ ስለ ሌላ ማውራት ጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሕክምና የወጡ ሰዎች ተሰብስበው ይነጋገራሉ፤ ከመሀላቸው አንድ የቀድሞ ሹፌር አለ፤ ጫትም አረቄም ትቶ ዓመት ሊሞላው ነው። ሰሚት ሰፈር አንድ መጋዘን የጥበቃ ሥራ አግኝቷል፤ ዋስ ግን አጣ። መኩሪያ አስቀድሞ ለሌላ ሰው ስለፈረመ ሁለተኛ አይፈቀድለትም። ወይዘሮ ፀዳለም ቤቷ ከፈረሰ ወዲህ ፈቃዷን መልሳለች። ሰውየው የተሰጠው ጊዜ ነገ ያልቃል።

«እኔ አለሁ አይደል!» አልኩ። ከወንበሬ ተነስቻለሁ። «ወረቀቱን አምጣልኝ። ሳላነበው ነው የምፈርመው። መታወቂያዬ ይኸው፣ ፎቶ አለኝ፣ የጡረታ ደብተሬን አወጣለሁ።»

መኩሪያ ዝቅ ብሎ የመፍቻ ቦርሳውን ዘጋ። ቀና ብሎ ሳያየኝ ነው የተናገረው።

«እትዬ፣ ጡረተኛ አይቀበሉም።»

«እንዴት አይቀበሉም? በየወሩ አይደል የሚገባልኝ?»

«ደሞዝ ወይ ፈቃድ ነው የሚሉት። ጠይቄ ነበር፤ አይቀበሉም።»

አመስግኖኝ፣ ቧንቧው ዳግም ካፈሰሰ እንድደውል ነግሮኝ፣ አምስተኛ ፎቅ ሌላ ቤት ይጠብቁኛል ብሎ ወጣ። እኔ መሳቢያውን ከፍቼ እስክሪብቶ አወጣሁ፤ የመብራት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ስሜን ፈረምኩ። እጄ ደህና ነው፣ አይንቀጠቀጥም። ፊርማዬም ያው የድሮው ነው፤ የሚቀበለው ሰው ነው የሌለው።